ለቦሎቄ ጃንጥላ የያዙ ሰው

በነፃ የሚሰጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰጥቶ የሚረሳና ሰጥቶ የሚከታተል። የመጀመሪያው ብዙ አይገኝም። ሁለተኛው ግን በየሰፈሩ አንድ አለ። እኛ ሰፈር የለም የሚል ሰው ካለ፣ ገና ምንም ስላልሰጠው ነው።

ይኼ ሰው አንድ ቀን የጽጌረዳ ችግኝ ይዞላችሁ ይመጣል። ደስ ብሏችሁ ትቀበላላችሁ። ስሕተታችሁ እዚህ ላይ ነው። በማግሥቱ በራችሁን ያንኳኳል፤ እናንተን በግማሽ አፉ ሰላም ብሎ ወደ ጽጌረዳዋ ያልፋል። በሳምንቱ “ውኃ አብዝታችሁባታል” ይላል። ዘመድ ልትጠይቁ አዲስ አበባ ብትሄዱ ስልክ ይደውላል፤ መንገዱ እንዴት ነበር አይልም። ችግኟ የደረቀች እንደሆነ ደግሞ ለቅሶ እንደመጣ ሰው ቁጭ ብሎ፣ መጨረሻዋ እንዴት እንደነበር ከሥር ከሥሯ ያስተርካችኋል።

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር ጋሽ ሽበሺ ናቸው። ከሌሎቹ የሚለዩት፣ የሚሰጡት ነገር በዓይን ባለመታየቱ ነው።

ጋሽ ሽበሺ ዕድሜያቸውን በአፈር ላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኩዮቻቸው ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ዓሣ ይበላሉ፣ ወይም የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። እሳቸው ግን የጓሯቸውን እኩሌታ በበርሜል፣ በሳፋና በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ደቂቅ ዘአካላት ያረባሉ። ሌላው ሰው በግ ያደልባል፤ ጋሽ ሽበሺ ባክቴሪያ። ለነገሩ “ደቂቅ ዘአካላት” የሚሉት እንግዳ ሰው ፊት ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ “ሠራተኞቼ” ነው የሚሏቸው። አንዱ ሠራተኛ ቅጠልና ፍግ ያበሰብሳል። አንዱ የቲማቲም ሥር የሚያበላሸውን ሻጋታ ይዋጋል። አንዱ ደግሞ፣ ይህ የቤቱ የበኩር ልጅ ነው፣ የቦሎቄ ሥር ላይ ተጠግቶ እባጭ ይሠራና ከአየር ውስጥ ናይትሮጅን እየወሰደ ተክሉን ይቀልባል።

“ደመወዝ አይጠይቁ፤ የዓመት ፈቃድ አይሉ” ይላሉ ጋሽ ሽበሺ። “ሁለት ነገር ብቻ። ፀሐይ እንዳያያቸው፣ በረኪና እንዳይነካቸው።”

በረኪና ያልነካው ጀሪካን በማይገኝበት ከተማ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ጋሽ ሽበሺ ሰው ቤት ሲገቡ በቅድሚያ የሚገባው አፍንጫቸው ነው። ባልዲ አንሥተው ያሸታሉ፤ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ “እዚህ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል” ብለው ያስቀምጡታል። ባለቤታቸው ነጭ ልብስ የሚያጥቡት እህታቸው ቤት ሄደው ነው።

ይህን ሁሉ ከማንም ይበልጥ የምታውቀው ወንጌላዊት የምትባል ጎረቤታቸው ናት። ከእርሻ ኮሌጅ በዕፅዋት ሳይንስ ዲፕሎማ ይዛ የወጣች፣ ምርጥ ዘርና የተባይ መድኃኒት የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሱቋ ከጋሽ ሽበሺ ግቢ ጋር በአንድ ግንብ ይገናኛል። ነገር ማስረዘም አትወድም። ደንበኛ “የትኛው ይሻላል?” ሲላት መሬቱ የት እንደሆነና ባለፈው ምን እንደተዘራበት ትጠይቃለች፤ መልሱን ትሰማለች፤ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ታኖርና “ቀጥሎ” ትላለች። ፈጣሪ ይህችን ሴት ከጋሽ ሽበሺ ጋር ያጎራበተው ምን አስቦ እንደሆነ ራሷም ጠይቃ መልስ አላገኘችም።

ጋሽ ሽበሺ ጠዋት ጠዋት ባልዲያቸውን አንጠልጥለው በሱቁ በር ሲያልፉ ቆም ይላሉ።

“ወንጌል፣ እነዚያን ጠርሙሶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሪልኝ” ይላሉ ወደ ፀረ ሻጋታ መድኃኒቶቹ እያመለከቱ። “ሠራተኞቼ ይደነግጣሉ።”

“ጋሼ፣ ባክቴሪያ እኮ ዓይን የለውም።”

“የለውም። እኔ ግን አለኝ፤ አይቼ እደነግጣለሁ።”

ካላዞረች ቆመው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ታዞራለች። ደንበኛ ሲመጣ መልሳ ታዞራለች።

ከመንገዱ ማዶ ጭማቂ ቤት ያላት ሀዋም የዚሁ ደግነት ተጠቂ ናት። የግቢዋ አቮካዶ ማፍራት ቢያቆም ጋሽ ሽበሺ ከስኳር አተላ፣ ከሞላሰስ ጋር የተብላላ የሠራተኞች መጠጥ በሁለት ሊትር ጠርሙስ ይዘውላት መጡ። “ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ላላ አድርገሽ አስተንፍሻቸው” አሏት። ሀዋ ጠርሙሱን ከመፍጫው ሥር አኑራ ረሳችው። ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ቤቱ ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ከፈቱት። ድምፁን መናኸሪያ ድረስ ሰማን ያሉ ሰዎች አሉ። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ኤልናታን ስፕሪሱን እንደያዘ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ቤቱ በሙሉ የኮመጠጠ ጠላ ሸተተ።

ጋሽ ሽበሺ በነጠላ ጫማ እየሮጡ ደረሱ። ጣሪያውን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ።

“ምን ያህሉ ተረፈ?” አሉ።

“ሰዎቹ ደኅና ናቸው፣ ጋሼ። ስለጠየቁን እናመሰግናለን” አለች ሀዋ፣ ፊቷን እየጠረገች።

“ሰዎቹንማ እያየኋቸው ነው። የማይታዩትን ነው የምጠይቅሽ።”

ከዚያም ወለሉ የተወለወለበትን ውኃ እንዳይደፋ አስከልክለው፣ በገዛ እጃቸው ወስደው አቮካዶው ሥር አፈሰሱት። አቮካዶው አፍርቶ እንደሆነ ሀዋ እስከ ዛሬ አትናገርም። ከተናገረች ሌላ ጠርሙስ ይመጣል።

የከፋው ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሆነው ነው። እሑድ በምስክርነት ሰዓት ሰው ተነሥቶ የተፈወሰውን ሕመም፣ ያገኘውን ሥራ፣ በሰላም ያለፈውን የመኪና አደጋ ይናገራል። ጋሽ ሽበሺ ከነሥሩ የተነቀለ የቦሎቄ ተክል ይዘው ተነሡ። ወንጌላዊት ከጎናቸው ነበረች።

“ጌታ ይባረክ። ወገኖቼ፣ ይህን ሥር እዩልኝ” አሉ፤ አፈሩ ምንጣፉ ላይ ረገፈ። “እነዚህ ዶቃ የመሰሉት እባጮች ይታዩአችኋል? ሠራተኞቹ እዚህ ውስጥ ናቸው። አንዱን ስትሰነጥቁት ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረም። አረንጓዴ ከሆነ ሥራውን ጨርሷል። ቀይ ከሆነ ግን፣ ወገኖቼ…” ብለው በጥፍራቸው ሰነጠቁት። ከፊት ወንበር ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። ቀይ ነበር።

ጉባኤው ሃሌሉያ የሚባለው የቱ ጋ እንደሆነ ቸገረው። ከኋላ አንድ ሰው ናይትሮጅን ሲባል “አሜን” አለ። ወንጌላዊት ዓይኗን ጨፍና የምትጸልይ መሰለች፤ የምትጸልየው ወንበሩ ተከፍቶ እንዲውጣት ነበር። ከዚያ እሑድ ወዲህ ፕሮግራም መሪው ወንድም ማርቆስ “ምስክርነት ያለው” ሲል የሚያየው ወደ ግራ ብቻ ነው። ጋሽ ሽበሺ የሚቀመጡት በቀኝ ነው።

እንግዲህ ወንጌላዊት በዚህ ሰው እጅ የወደቀችው በበልጉ ነው።

ለዓመታት ለሰው ዘር ስትሸጥ የኖረች ሴት፣ አንድ ቀን ለራሷ መዝራት ያምራታል። ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ላይ አቶ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ አንድ ጥማድ መሬት አላቸው። በቆሎ በበቆሎ ላይ ሲዘራበት ኖሮ ከስቷል። አቶ ወርቁ ተስፋ ቆርጠው የባህር ዛፍ ችግኝ ገዝተዋል፤ በየፕላስቲኩ ውስጥ አጥራቸው ሥር ተደርድሮ ዝናብ ይጠብቃል። ወንጌላዊት ምርቱን እኩል ለመካፈል መሬቱን እንዲሰጧት ስትጠይቃቸው አፈሩን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉ።

“ይኼ መሬት ደክሟል” አሉ። “ባህር ዛፍ ምንም አይጠይቅም። ግን አንድ በልግ ሞክሪ። ቦሎቄ ከሰጠ አብረን እንቀጥላለን። ካልሰጠ እነዚህ ይገባሉ።”

ባህር ዛፍ አንዴ ከገባ በእሷ ዕድሜ እንደማይወጣ ወንጌላዊት ታውቃለች። እንዲህ ለከተማ የቀረበ፣ ባጃጅ የሚገባበት መሬት ደግሞ ዳግመኛ እንደማታገኝ ታውቃለች። በዚያ ላይ ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ዘገየ፤ የደረሰውም ለበቆሎ ይሁን ተባለ። ይህን ስታወራ ጋሽ ሽበሺ ሰሙ ወይ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ግንቡ አንድ ነው።

በማግሥቱ ጥቁር ዱቄት የታሸገበት ፌስታል ይዘው ከተፍ አሉ። በጨርቅ ጠቅልለውታል፤ ጨርቁን ደግሞ በካርቶን ውስጥ አስቀምጠውታል።

“ወንጌል፣ ለቦሎቄ ዩሪያ ምን ያደርግልሻል? ቤቷ ወጥ ቤት እያላት ሆቴል የምትበላ ሴት አይተሻል?”

“ብዙ አይቻለሁ፣ ጋሼ።”

“ወጥ ቤቱ ይኸው። ዘሩ ላይ ትለውሺዋለሽ፤ የቀረውን እነሱ ያውቃሉ።”

ወንጌላዊት ነገሩን ኮሌጅ ተምራዋለች፤ ፈተናም ወድቃ አታውቅም። የፈራችው ዱቄቱን አልነበረም። ክትትሉን ነው።

“ከተቀበልኩዎት ስንቴ ነው የሚመጡት?”

“እኔ? ኧረ ለሰላምታ ያህል ነው።”

ተቀበለች። ምን ታድርግ።

በዘሩ ቀን ጋሽ ሽበሺ በኤልናታን ባጃጅ ቱላ የደረሱት የቤተ ክርስቲያኑን ትልቅ ጃንጥላ ተውሰው ነው። ሳፋውን እንሰቱ ጥላ ሥር አስቀመጡ። ዘሩን በስኳር ውኃ አርሰው ዱቄቱን በላዩ ነሰነሱና እስከ ክንዳቸው ገብተው በቀስታ ያገላብጡት ጀመር። ነጩ ቦሎቄ ጥቁር ካባ ለበሰ። “አሁን ቶሎ ቶሎ፤ ጣል፣ አፈር አልብስ፤ ጣል፣ አፈር አልብስ” እያሉ ዘር የምትጥለውን ወንጌላዊትን ከኋላ በጃንጥላ ይከተሏታል። እሷ ቀና ካለች ጃንጥላው አይነሣም፤ የተያዘው ለእሷ አይደለማ። ጃንጥላው ዘሩ ካለበት ሳህን ጋር ነው የሚሄደው።

በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ቆመ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቆሙ። አቶ ወርቁ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና፣

“እኛ አገር ጃንጥላ የሚያዘው ለሙሽራ ነው” አሉ።

“ታዲያስ” አሉ ጋሽ ሽበሺ፣ ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳያነሡ። “እነዚህም ወደ ባላቸው ቤት እየሄዱ ነው።”

አቶ ወርቁ አልሳቁም። ግን ጥላቸው የሚያርፍበትን አይተው፣ የእንሰቱ ጥላ ወደ ሸሸው ሳፋ ጠጋ ብለው በፀሐዩ በኩል ቆሙ።

ቀትር ላይ የጋሽ ሽበሺ ስልክ ጮኸ። የእድር ጥሪ ነበር፤ ሰው ሞቷል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ድንኳኑን ደግሞ ያለ እሳቸው የሚያቀና የለም። ከመንገዱ አጠገብ ያለው የላይኛው ክፍል ገና አልተዘራም። “እንዳደረግነው አድርጊው። ጥላ ውስጥ። በቀስታ” እያሉ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆነውም እጃቸውን እንደ ማገላበጥ እያደረጉ ሄዱ።

ወንጌላዊት የቀረውን ዘርና የቀረውን ዱቄት ይዛ ቆመች። ኮሌጅ ያስተማራት አንድ መምህር ነበር፤ “ማወዳደሪያ የሌለው ሙከራ ወሬ ነው” ይል ነበር። ዱቄቱን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተችና የላይኛውን ክፍል በደረቁ ዘር ዘራችው። ምክንያቷ ሳይንስ ነው። ትንሽ ደግሞ፣ ይህን ለራሷ ብቻ ነው ያለችው፣ ጋሽ ሽበሺን አንድ ቀን በማስረጃ ዝም ማሰኘት አምሯት ነው።

ለማንም አልተናገረችም። ያላሰበችው ነገር ቢኖር፣ አቶ ወርቁ ከደጃቸው ሲወጡ የሚታያቸው የመንገዱ ዳር ብቻ መሆኑን ነው።

የሰላምታው ነገር እንደሚጠበቀው ሆነ። ኤልናታን “እኔ እኮ የቱላ መስመር ቋሚ ሠራተኛ ሆኛለሁ” ማለት ጀመረ። ጋሽ ሽበሺ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆመው “እንዴት ናቸው?” ይላሉ፤ ትናንት እዚያው ውለው የመጡ ሰው።

“ደኅና ናቸው” ትላለች ወንጌላዊት ቀና ሳትል።

“እግዚአብሔር ይመስገን።”

ያኔ ልብ ልትለው የሚገባ ነገር ነበር። በሰው ማሰሮ ላይ ሳይቀር አስተያየት የሚሰጡት ጋሽ ሽበሺ፣ ስለ ላይኛው ክፍል አንድም ቀን ቃል አልተነፈሱም። እሷ ግን ዝም ሲሉላት ምክንያቱን የምትጠይቅ ሴት አልነበረችም፤ ተገላገልኩ ነው ያለችው።

ቦሎቄው ጉልበት ድረስ ሳይደርስ አንድ ቅዳሜ ሄዳ አየችው። የታችኛው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል። የመንገዱ ዳር የወባ በሽተኛ መስሏል። በመንገዱ የሚያልፍ አንድ ሽማግሌ ለጓደኛው በሲዳምኛ የሆነ ነገር አለው፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ማወዳደሪያው በጣም ጥሩ ሆኗል። የተሰቀለው ግን ከአቶ ወርቁ በር ፊት ለፊት ነው፤ ከአጥሩ ሥር ደግሞ የባህር ዛፉ ችግኝ አድጎ ቀና ቀና ብሎ ያያታል።

ለጋሽ ሽበሺ ልንገራቸው ብላ ግንቡ ጋ ደርሳ ተመለሰች። “አላመንኩዎትም” ብሎ መጀመር አቃታት። ከዚያ የሱቁ ሥራ ጠነከረ፤ በየቀኑ ገበሬ ተሰልፎ ይጠብቃታል፤ ሳምንታት አለፉ። አንድ ማለዳ ኤልናታን ባጃጁን ሱቁ በር ላይ አቁሞ አንገቱን ብቅ አደረገ።

“ወንጌል፣ ሰምተሻል? አባባ ወርቁ ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው።”

“የምን ጉድጓድ?”

“የዛፍ ነዋ። ችግኙን ከአጥሩ ሥር አንሥተውታል።”

ሱቁን ዘጋች። በሥራ ቀን፣ ደንበኛ ተሰልፎ እያለ ሱቋን ስትዘጋ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በመንገድ ላይ ኤልናታን ለማጽናናት ብሎ “ባህር ዛፍም እኮ ጥላ አለው” አላት። “ንዳ” አለችው።

አቶ ወርቁ ከደጃቸው ቆመው ጠበቋት። እጃቸው አፈር ነው። አጥሩ ሥር አንድም ችግኝ የለም። ሰላምታ ተቀብለው፣ ምንም ሳይሉ ከዘራቸውን አስቀድመው ወደ ማሳው ወሰዷት። ከመንገዱ ዳር ቆሙ።

ማሳው ሦስት መልክ ይዟል። መንገዱን ታክኮ አንድ ጠባብ ቢጫ መስመር አለ፤ ቅጠሉም ዘለላውም የሳሳ። ከእሱ ቀጥሎ፣ እሷ በደረቁ ከዘራችው ውስጥ አብዛኛው፣ ዘግይቶ የነቃ ሰው ይመስል አረንጓዴ ለብሶ ዘለላ አንጠልጥሏል። ከሥሩ የታችኛው ክፍል ከሁሉ በልጦ መሬት አያሳይም።

“ይቺን ቢጫዋን ያደረግሻት አንቺ ነሽ” አሉ አቶ ወርቁ።

“እኔ ነኝ፣ አባባ። ማወዳደሪያ ነው። ግን መሐለኛው…”

“አውቃለሁ። ሰውዬው ነግሮኛል።”

“የትኛው ሰውዬ?”

“ስንት አለሽ?”

ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና እንዲህ አሉ፤ “ገና ሦስት አራት ቅጠል እንዳወጣ መጣ። ከታች አንድ ነቀለ፣ ሥሩን አየ፣ ሳቀ። ከዚህ አንድ ነቀለ፣ አየ። ሌላ ነቀለ። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ታመመ ብዬ ውኃ አመጣሁለት። አልጠጣም፤ ‘የቧንቧ ነው? በረኪና የገባበት?’ አለኝ። ‘የምንጭ ነው’ ስለው ተነሣ። ዱቄቱን በጥብጦ ሥር ሥሩን ያጠጣ ጀመር። ፀሐይ ስትበርድ ይመጣል፣ ያጠጣል፣ ይሄዳል።”

“ለምን አልነገሩኝም?”

“እኔም ብዬዋለሁ። ‘ልጅቷ ማወዳደር ፈልጋ ነው፤ እንዳወቅሁ ከሰማች ታፍራለች’ አለ። ይቺን መስመር ተወልሽ። ‘ይቺ የእሷ ናት፤ አልነካም’ አለ። ግን በመጣ ቁጥር እዚች ጋ ይቆምና ይቅርታ ይጠይቃቸዋል።”

“ማንን?”

“ቦሎቄዎቹን። ‘እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት’ ይላቸዋል።”

ወንጌላዊት ጎንበስ ብላ ቢጫዋን መስመር አየች። ሰውዬው ዝም እንዲሉላት በማስረጃ ልታሸንፋቸው ተነሥታ ነበር። እሳቸው ደግሞ እሷ እንዳታፍር ብለው፣ በዕድሜያቸው አድርገውት የማያውቁትን ነገር አድርገዋል። ዝም ብለዋል። ያውም ስለ ባክቴሪያ።

“ጉድጓዱስ፣ አባባ?” አለች።

አቶ ወርቁ በከዘራቸው ወደ ታች፣ ጎርፍ ወደ ሸረሸረው ገደል ጫፍ አመለከቱ። ችግኙ እዚያ ዳር ተደርድሯል። “እዚያ ምንም አይበቅልም። እዚያ ይቁም።” ከዚያ ወደ ቢጫዋ መስመር ዞሩ። “አንድ መሬት ነው፤ አንድ ዘር፤ አንድ ዝናብ። ሁሉም አረንጓዴ ቢሆን ዝናቡ ነው እል ነበር። ይቺን ባላይ አላምንም ነበር። ለቀጣዩ በልግም ዝሪ።”

“እሺ፣ አባባ።”

“ሰውዬውም ይምጣ። ጃንጥላውን ይዞ። ለበቆሎዬም እንዲያደርግልኝ።”

“ይኼኛው ዱቄት ለበቆሎ አይሆንም። በቆሎ ካልኳቸው ግን ሌላ ነገር በጠርሙስ ያመጡልዎታል።”

“ያምጣ።”

“ክዳኑን ጠዋት ጠዋት ማስተንፈስ አለብዎት” አለች ወንጌላዊት። “አይርሱ። ሰው ቤት ፈንድቶ ያውቃል።”

ከመሄዷ በፊት ከታችኛው ክፍል አንድ ተክል ከነአፈሩ ነቅላ ሥሩን አየች። እባጮቹ እንደ ዶቃ ተሰክተዋል። አንዱን በጥፍሯ ሰነጠቀችው። ቀይ ነው። ጋዜጣ አርጥባ ጠቀለለችው፤ ባጃጁ ውስጥ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ፀሐዩ በገባ ቁጥር በሻርፗ እየከለለች ሐዋሳ ደረሰች። ኤልናታን በመስታወቱ አይቷት ነበር። አልተናገረም፤ እሱም ዝም ማለት ተምሯል።

ጋሽ ሽበሺ ባልዲያቸውን ይዘው ሱቁ በር ላይ ቆመዋል።

“እንዴት ናቸው?”

“ደኅና ናቸው።”

“ሁሉም?” አሉ፤ ጣሪያውን ያያሉ።

“ከጥቂቶቹ በቀር።”

ጋሽ ሽበሺ ወደ መደርደሪያው ሄዱ፤ አንዱን የፀረ ሻጋታ ጠርሙስ ፊቱን ለማዞር እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም አስቀድሞ ወደ ግድግዳ ዞሯል። የዘረጉትን እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ “በይ ደኅና ዋይ” ብለው ወጡ።

እሑድ ወንድም ማርቆስ “ምስክርነት ያለው” አለና እንደ ልማዱ ወደ ግራ አየ። በግራ በኩል ማንም አልተነሣም። በቀኝ በኩል ወንበር ተንቋቋ። ወንድም ማርቆስ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ግን የቆሙት ጋሽ ሽበሺ አልነበሩም።

“ጌታ ይባረክ” አለች ወንጌላዊት። ሰው ፊት ቆማ መናገር አትወድም፤ እጇ የረጠበ ጋዜጣ ይፈታል። “አላስረዝምም። ቱላ ያለ መሬት ነው። ባህር ዛፍ ሊተከልበት ነበር፤ አልተተከለም።” አፈሩ ምንጣፉ ላይ ረገፈ። ከኋላ የአንዲት ሴት “ሁለት ሆኑ እንግዲህ” የሚል ድምፅ ተሰማ። “ይኼ የዚያ መሬት ሥር ነው። የሚሠሩት በዓይን አይታዩም። ሲሠሩም አይናገሩም። አንዳንድ ሰውም እንደዚያ እንደሆነ አላውቅም ነበር።”

ሥሩን ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ጉባኤው በዚህኛው ጊዜ የቱ ጋ ሃሌሉያ እንደሚባል አልጠፋውም፤ ሊል ትንፋሹን ስቦ ነበር። ቀድመው የተናገሩት ጋሽ ሽበሺ ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ በጆሮ የሚናገሩ መስሏቸው፣ አዳራሹ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣

“ወንጌል፣ ከመስኮቱ ፈቀቅ በይ። ፀሐይ ያያቸዋል” አሉ።

ፈቀቅ አለች።